ከርነሉ ውስጥ ስሕተቱን የመለሰው የትኛው ፈንክሽን ነው? የሪተርን ቫሊዩ አወጣጥ በኤፍትሬስ

አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል። «ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ትሬስ አደረግኩት፣ ማለትም ሲሠራ ተከታተልኩት፣ ፈንክሽኖቹ ሲጠራሩ አየሁ፤ ግን ስሕተቱን የመለሰው የትኛው ነው?» ፖሊ ግቢ ያሉ ተማሪዎች ይጠይቁኛል፣ እዚሁ ባህር ዳር ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ልጆችም ይጠይቁኛል። በቴሌግራም እየቆራረጥኩ ከምመልስ ይኸው ሁሉንም አንድ ቦታ።

ችግሩ ይህ ነው። ኤስትሬስ (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቀውንና የሚመለስለትን የሚያሳይ መሣሪያ) የሚያሳያችሁ በሩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ከርነሉን ጠየቀ፣ ከርነሉ -20 (የስሕተት ቁጥር ነው) ብሎ መለሰ፣ አለቀ። ከበሩ ጀርባ ብዙ ፈንክሽኖች ተጠራርተው ሊሆን ይችላል፤ -20ን መጀመሪያ ያነሳው ማን እንደሆነ አይነግራችሁም። የኤፍትሬስ (ከርነሉ ውስጥ አብሮ ያለው መከታተያ) ፈንክሽን_ግራፍ ትሬሰር ደግሞ ማን ማንን እንደጠራና ስንት ማይክሮሰከንድ እንደወሰደ ያሳያል እንጂ እንዲሁ ከተዉት የተመለሰውን ዋጋ (ሪተርን ቫሊዩ) አያወጣም። ከሊኑክስ 6.5 ጀምሮ ግን ዋጋውንም የሚያሳይ ማብሪያ አለው። ዛሬ የምናበራው እሱን ነው።

ከመጀመራችን በፊት፦ የትእዛዝና የፋይል ስሞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፣ ምልክቶቹን (_ እና - እና /) ግን እንዳሉ ትቻለሁ። ተርሚናሉ ላይ የምትጽፉት በላቲን ፊደል ነው። አጻጻፉ ካጠራጠራችሁ ማውጫው ውስጥ ሆናችሁ ኤልኤስ በሉ፣ ወይም የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ጽፋችሁ ታብ ተጫኑ፤ ራሱ ይሞላላችኋል።

የሚያስፈልጓችሁ

- ከርነሉ 6.5 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሊኑክስ። ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ያለም ይሆናል፤ እንዲያውም ለመለማመጃ እሱ ይሻላል።
- የሩት (የማሽኑ ሙሉ አዛዥ ተጠቃሚ) ሥልጣን።
- የከርነሉ ሶርስ ኮድ፣ ወይም በብራውዘር የምታዩበት የቡትሊን ኤሊክስር ገጽ። ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ ኮዱን ካላያችሁ ቁጥሩ ብቻውን የትም አያደርሳችሁም።
- የስሕተት ቁጥሮች ዝርዝር። ሶርሱ ውስጥ ኢአርአርኖ-ቤዝ.ኤች የሚባለው ፋይል ከ1 እስከ 34 ያሉትን ይዟል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰው እየተጠቀመበት ያለ ሰርቨር ላይ እንዳትሞክሩት። ፈንክሽን_ግራፍ ሳይጣራ ከተከፈተ ትሬስ ሊደረግ የሚችለውን የከርነል ፈንክሽን ሁሉ ይከታተላል፤ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ የሚሰበሰበውም ጽሑፍ ለማንም አይጠቅምም። ሌላው፣ ትሬሱ ውስጥ የሌሎች ተጠቃሚዎች ሥራም ስለሚገባ ፋይሉን ለማንም ከመላካችሁ በፊት እዩት።

አሠራሩ

1. ከርነላችሁ ይህን እንደሚችል አረጋግጡ።

ዩኔም -አር
ግሬፕ ግራፍ_ሬትቫል /ቡት/ኮንፊግ-*

ግሬፕ የምታደርጉትን ስም በላቲን ትልልቅ ፊደላት ጻፉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዳንድ ስሪቶች ላይ ሁለት መስመር ይወጣል፣ አንዱ «ሃቭ» የሚል ቃል አለበት። እሱ የሚለው የፕሮሰሰራችሁ ዓይነት ይህን ነገር ይደግፋል ነው፣ በቃ። የምትፈልጉት «ሃቭ» የሌለበት መስመር መጨረሻው ላይ እኩል ይሆናል ዋይ ማለቱን ነው። ካላለ ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ ከርነሉን ራሳችሁ ኮምፓይል ማድረግ ወይም ከታች ወዳለው የኬሬትፕሮብ መንገድ መዝለል። ሶርሱ ተጨምቆም ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለምትኖሩ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ኮምፓይል ሲደረግ ደግሞ ላፕቶፑ ለረጅም ጊዜ በሙሉ አቅሙ ይሠራል። በሚያዝያ የባህር ዳር ሙቀት አልጋ ላይ አስቀምጣችሁት ብቻ እንዳትሄዱ።

2. ሙሉ በሙሉ ሩት ሁኑ።

ሱዶ -አይ

«ሱዶ ኢኮ 1 > ፋይል» ብላችሁ ብትሞክሩ አይሠራም፣ ፈቃድ የለህም ይላችኋል። ምክንያቱም ሱዶ የሚሠራው ለኢኮ ነው፤ > የምትለዋን ምልክት የሚፈጽማት ግን የእናንተው ሼል (ተርሚናሉ ላይ ትእዛዛችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም) ነው፣ እሱ ደግሞ ሩት አይደለም።

3. ወደ ማውጫው ግቡ።

ሲዲ /ሲስ/ከርነል/ትሬሲንግ

ባዶ ከሆነ ትሬስኤፍኤስ (የትሬስ ፋይሎቹን የያዘው ፋይል ሲስተም) አልተሰቀለም ማለት ነው፦

ማውንት -ቲ ትሬስኤፍኤስ ኖዴቭ /ሲስ/ከርነል/ትሬሲንግ

አሁን ኤልኤስ ኦፕሽንስ በሉ። ፈንክግራፍ-ሬትቫል የሚል ፋይል ካለ ደረጃ 1 ላይ ያያችሁት እውነት ነው። ከሌለ ከርነላችሁ አይችልም፣ መጨቃጨቅ የለም።

4. አቁሙና አጽዱ።

ኢኮ 0 > ትሬሲንግ_ኦን
ኢኮ ኖፕ > ከረንት_ትሬሰር
ኢኮ > ትሬስ

በ0 እና በ> መካከል ክፍት ቦታ መተው ግዴታ ነው። «0>» ብላችሁ ካጣበቃችሁት ሼሉ 0ን እንደሚጻፍ ቁጥር አያየውም፣ የፋይል ዲስክሪፕተር (የተከፈተ ፋይል መለያ) ቁጥር አድርጎ ነው የሚወስደው። ስሕተት አይነግራችሁም፣ ዝም ይላል፤ እናንተ ያቆማችሁ ይመስላችኋል፣ ትሬሱ ግን ይቀጥላል።

5. የምትከታተሉትን ፈንክሽን ምረጡ።

ለምሳሌ የሚሆነን ማንም ማሽን ላይ የሚደገም ጥፋት እንሥራ። ፓስውድ ፋይል ነው፣ ማውጫ አይደለም፤ ስለዚህ «/ኢቲሲ/ፓስውድ/ጣና» የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። ይህን ካት ብናደርገው (የፋይል ይዘት በሚያሳየው ትእዛዝ ብንከፍተው) ከርነሉ ይቆጣል። ፋይል የሚከፈተው በዱ_ሲስ_ኦፕንአት2 በኩል ስለሆነ እሱን እንያዝ።

ግሬፕ ኦፕንአት2 አቬይለብል_ፊልተር_ፈንክሽንስ
ኢኮ ዱ_ሲስ_ኦፕንአት2 > ሴት_ግራፍ_ፈንክሽን

መጀመሪያ ግሬፕ የምናደርገው በከንቱ አይደለም። ኮምፓይለሩ አንዳንድ ፈንክሽኖችን ጠሪያቸው ውስጥ ያሟሟቸዋል፣ ያኔ በስማቸው አይገኙም። ሌሎቹን ደግሞ ስማቸው ላይ ነጥብ ፓርት ነጥብ 0 ወይም ነጥብ ኢስራ ነጥብ 0 ይቀጥልባቸዋል። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ስም ብትሰጡት ከርነሉ አይቀበላችሁም።

6. ጥልቀቱን ገድቡ።

ኢኮ 5 > ማክስ_ግራፍ_ዴፕዝ

0 ማለት ገደብ የለም ማለት ነው። ያለ ገደብ አንድ ፋይል መክፈት ብቻ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ያወጣል። በ5 ጀምሩ፣ ስሕተቱ ከዚያ በታች የተነሳ ከመሰላችሁ ጨምሩ።

7. የሪተርን ቫሊዩ ማብሪያውን አብሩ።

ኢኮ 1 > ኦፕሽንስ/ፈንክግራፍ-ሬትቫል

ከጎኑ ፈንክግራፍ-ሬትቫል-ሄክስ የሚባል አለ። አትንኩት። እሱ ሁሉንም ነገር በሄክሳዴሲማል ያወጣል። ጠፍቶ ሲቀር ግን ከርነሉ ራሱ ያስባል፦ ቁጥሩ የስሕተት ቁጥር ከመሰለው -20 ብሎ በሚነበብ መልክ ይጽፈዋል፣ ካልመሰለው በሄክስ።

ዋጋውን ከየት ነው የሚያመጣው? ፈንክሽን_ግራፍ አንድ ፈንክሽን ሲጀምር የመመለሻ አድራሻውን በራሱ አድራሻ ይተካዋል። ፈንክሽኑ ሲጨርስ ወደ ጠሪው ከመሄዱ በፊት ኬላ ላይ እንደቆመ መኪና እዚያ ጋ ይቆማል፣ የያዘው ታይቶ ይለቀቃል። የሚታየው የመመለሻ ሬጅስተሩ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ውጤቱ የሚቀመጥባት ትንሽ ቦታ) ነው፦ ባለ 64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ላይ አርኤኤክስ፣ ባለ 64 ቢት አርም ላይ ኤክስ0። ይህን ያዙት፣ ኋላ ላይ የምናያቸው አሳሳች ቁጥሮች ሁሉ የሚመጡት ከዚህ ነው።

8. ትሬሰሩን ምረጡ።

ኢኮ ፈንክሽን_ግራፍ > ከረንት_ትሬሰር

መጨረሻ ላይ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ማጣሪያው ሳይገባ ይህን ብታስቀድሙ ማሽኑ ሁሉንም ፈንክሽን መከታተል ይጀምራል።

9. ጥፋቱን ሥሩት።

ኤስኤች -ሲ 'ኢኮ $$ > ሴት_ኤፍትሬስ_ፒአይዲ; ኢኮ 1 > ትሬሲንግ_ኦን; ኤግዜክ ካት /ኢቲሲ/ፓስውድ/ጣና'
ኢኮ 0 > ትሬሲንግ_ኦን

ማሽኑ ላይ ፋይል የሚከፍተው የእናንተ ካት ብቻ አይደለም። ብራውዘሩም፣ የጀርባ አገልግሎቶቹም ይከፍታሉ። ስለዚህ ትንሿ ሼል መጀመሪያ የራሷን የፕሮሰስ ቁጥር (ፒአይዲ) ታስመዘግባለች፣ ከዚያ በኤግዜክ ወደ ካት ትለወጣለች፤ ቁጥሩ አይቀየርም። ነጠላ ጥቅሱን በድርብ ጥቅስ ከቀየራችሁት $$ የሚተካው በውጪኛው ሼል ቁጥር ይሆንና የተሳሳተ ፕሮሰስ ስትከታተሉ ትውላላችሁ።

10. ወዲያው ዲስክ ላይ ገልብጡት።

ካት ትሬስ > /ሩት/ጣና.ቲኤክስቲ

የትሬሱ ቋት ራም ውስጥ ነው ያለው። መብራት ከሄደና ባትሪው ሞቶ ከሆነ (እኛ ከተማ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም) ሁሉም አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ገልብጡ፣ ቡናችሁን ከዚያ።

11. ስትጨርሱ መልሱ።

ኢኮ ኖፕ > ከረንት_ትሬሰር
ኢኮ > ሴት_ግራፍ_ፈንክሽን
ኢኮ > ሴት_ኤፍትሬስ_ፒአይዲ
ኢኮ 0 > ማክስ_ግራፍ_ዴፕዝ
ኢኮ 0 > ኦፕሽንስ/ፈንክግራፍ-ሬትቫል
ኢኮ 1 > ትሬሲንግ_ኦን

ማሽኑ እስኪዘጋ ድረስ ቅንብሩ እንዳለ ይቆያል። ሳትመልሱ ከተዋችሁት ነገ ሌላ ነገር ትሬስ ስታደርጉ የትላንቱ የፒአይዲ ማጣሪያ «ለምን ባዶ ሆነ?» ያሰኛችኋል።

ያገኛችሁትን ማንበብ

ፋይሉን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታገኙት የፈለጋችሁት ላይሆን ይችላል። ካት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ላይብረሪዎቹን ይከፍታል፤ ስለዚህ ላይ ላይ ያሉት የዱ_ሲስ_ኦፕንአት2 ብሎኮች 3 ነው የሚመልሱት፣ በሄክስ ተጽፎ። ያ ስሕተት አይደለም። 0፣ 1 እና 2 አስቀድመው ስለተያዙ አዲስ የሚከፈት ፋይል የሚያገኘው ቁጥር 3 ነው። እነሱን እለፉና ወደ ታች ውረዱ። ሰዓቱንና ሌላውን አውጥቼ ዋናውን ብቻ ላስቀምጠው፦

ዱ_ሲስ_ኦፕንአት2() {
  ዱ_ፊልፕ_ኦፕን() {
    ፓዝ_ኦፕንአት() {
      ሊንክ_ፓዝ_ዎክ() {
        ...
      } /* ሊንክ_ፓዝ_ዎክ = -20 */
    } /* ፓዝ_ኦፕንአት = -20 */
  } /* ዱ_ፊልፕ_ኦፕን = -20 */
} /* ዱ_ሲስ_ኦፕንአት2 = -20 */

የእናንተ ላይ በመሀል ሌሎች ፈንክሽኖች ይኖራሉ፣ የመስመሩ አጻጻፍም በከርነል ስሪት ትንሽ ይለያያል። አነባበቡ ግን አንድ ነው፦ ከታች ተነሱና ያው ቁጥር እስካለ ድረስ ወደ ውስጥ ግቡ። -20ን የያዘው የመጨረሻው ውስጠኛ ፈንክሽን ነው ያነሳው፤ ሌሎቹ ተቀብለው አሳለፉ እንጂ። እዚህ ሊንክ_ፓዝ_ዎክ ነው። እሱ ውስጥ ዎክ_ኮምፖነንት ከታያችሁ ደግሞ ዋጋው 0 ነው፣ ማለትም «ኢቲሲ»ንና «ፓስውድ»ን በሰላም አግኝቷቸዋል። ስለዚህ ችግሩ ስሙን መፈለጉ ላይ አይደለም፣ ከተገኘ በኋላ ነው። አሁን ሶርሱ ላይ ኤፍኤስ ማውጫ ውስጥ ኔምአይ.ሲን ክፈቱ፣ ሊንክ_ፓዝ_ዎክ ውስጥ ኢኖትዲር የሚለውን (የ-20 ስም ነው፣ «ማውጫ አይደለም» ማለት) ፈልጉ። የተገኘው ነገር ማውጫ መሆኑን የሚጠይቀው መስመር ፊት ለፊታችሁ ነው። ኤስትሬስ እዚህ ድረስ አያመጣችሁም ነበር።

ቶሎ ቶሎ የምታዩዋቸው፦ -1 አልተፈቀደም፣ -2 ፋይሉ ወይም ማውጫው የለም፣ -12 ሜሞሪ አልተገኘም፣ -13 የመዳረሻ ፈቃድ የለም፣ -16 ተይዟል፣ -22 የተሰጠው ነገር ልክ አይደለም፣ -28 ቦታ ሞልቷል።

አሁን ሰው የሚያምታቱት ነገሮች። ነጌቲቭ ቁጥር ሁሉ ጥፋት አይደለም። ፋይል ሲከፈት አንዳንዴ ፓዝ_ኦፕንአት -10 መልሶ ወዲያው ከሥሩ ሁለተኛ ፓዝ_ኦፕንአት ታያላችሁ። ከርነሉ መጀመሪያ ፈጣኑን መንገድ መቆለፊያ (ሎክ) ሳይዝ ይሞክራል፣ ካልሆነለት ለራሱ -10 ይልና በዝግታው መንገድ ይደግመዋል። ፕሮግራሙ ይህን -10 ፈጽሞ አያየውም። ስለዚህ ፍለጋችሁ መጀመር ያለበት ፕሮግራሙ ጋ ከደረሰው ቁጥር ነው፤ ከላይ ጀምራችሁ መጀመሪያ ያገኛችሁትን ነጌቲቭ ይዛችሁ አትሩጡ። እንደዚሁ -512 ወይም -517 ብታዩ አትደንግጡ። ከ512 ጀምሮ ያሉት የከርነሉ የውስጥ መነጋገሪያ ናቸው። 517 ለምሳሌ ድራይቨሩ «የምፈልገው ነገር ገና አልተነሳም፣ ቆይታችሁ ሞክሩኝ» ማለቱ ነው።

ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) የሚመልስ ፈንክሽንም ስሕተት ሲገጥመው እንዲሁ ቁጥር ይመልሳል። ከርነሉ ከ-1 እስከ -4095 ያሉትን ለዚህ ለይቷቸዋል። ሄክስ አብርታችሁ ከነበረ ልዩነቱን ታዩታላችሁ፦ ሊንክ_ፓዝ_ዎክ የሚመልሰው ኢንት (ባለ 32 ቢት ቁጥር) ስለሆነ በ64 ቢት ኢንቴል ላይ ስድስት ኤፍ ተደርድሮ ኢሲ ይላል፣ ፖይንተር የሚመልሰው ፓዝ_ኦፕንአት ግን አሥራ አራት ኤፍ ደርድሮ ኢሲ። ሁለቱም -20 ናቸው።

ምንም የማይመልስ ፈንክሽን፣ ቮይድ የሆነ፣ እሱም ቁጥር ይታይበታል። ለምሳሌ ፑትኔም ቮይድ ነው፤ ከታየ ግን አጠገቡ የሆነ ቁጥር አይጠፋም። ኬላው የሚያየው ሬጅስተሩን ብቻ ነው፣ የፈንክሽኑን ዓይነት አያውቅም። የሚያዩት ከቀድሞው ሥራ የተረፈ ነው፣ ናቁት። ቡል (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚል) ወይም ባለ 8 ቢት ቁጥር የሚመልስ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት የሄክስ አሃዞች ብቻ እመኑ፤ ከላይ ያሉት ቢቶች ቆሻሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋጋው በሁለት ሬጅስተር የሚመለስ ከሆነም የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሶርሱን አጠገባችሁ ክፈቱ ያልኩት።

ከርነላችሁ የቆየ ከሆነ

በኬሬትፕሮብ አንድ ፈንክሽን ብቻውን መያዝ ይቻላል። ዛፉን አያሳያችሁም እንጂ ዋጋውን ያወጣል።

1. ወጥመዱን ጻፉ፦

ኢኮ 'አር:ጣና ዱ_ሲስ_ኦፕንአት2 ሬት=$ሬትቫል:ኤስ32' > ኬፕሮብ_ኢቨንትስ

መጨረሻው ላይ ያለው ኤስ32 «ምልክት ያለው 32 ቢት ቁጥር አድርገህ አንብበው» ማለት ነው። ኢንት የሚመልስ ፈንክሽን ላይ ኤስ64 ብትሉት -20 የነበረው 4294967276 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እዚህም ነጠላ ጥቅስ ግዴታ ነው፤ አለዚያ ሼሉ $ሬትቫልን የራሱ ቫሪያብል መስሎት ባዶ ያደርገዋል።

2. አብሩት፦ ኢኮ 1 > ኢቨንትስ/ኬፕሮብስ/ጣና/ኢኔብል። ትሬሲንግ_ኦን 1 መሆኑን አረጋግጡ። ካቱን አሂዱ፣ ትሬስን አንብቡ።

3. ለማንሳት መጀመሪያ ኢኔብልን 0 አድርጉ፣ ከዚያ፦

ኢኮ '-:ጣና' >> ኬፕሮብ_ኢቨንትስ

ሳታጠፉ ብታነሱት ተይዟል ይላችኋል። >> የምንለውም አንድ > ብቻ ሌሎች የጻፋችኋቸውን ወጥመዶች አብሮ ለማጥፋት ስለሚሞክር ነው።

የሚደጋገሙ ስሕተቶች

ትሬሱ ባዶ ከሆነ በቅደም ተከተል እዩ፦ ትሬሲንግ_ኦን 1 ነበር ወይ፣ የድሮ የፒአይዲ ማጣሪያ ቀርቷል ወይ፣ የመረጣችሁት ፈንክሽን በእርግጥ ተጠርቷል ወይ።

ዛፉ ይታያል ግን ቁጥር የለም ካላችሁ ፈንክግራፍ-ሬትቫልን ካት አድርጉ። 0 ካለ አላበራችሁትም። የበራው የሄክሱ ብቻ ከሆነም ዋጋ አይወጣም፤ እሱ አጻጻፉን ነው የሚቀይረው።

ሩት ሆናችሁም አልተፈቀደም ካላችሁ /ሲስ/ከርነል/ሴኩሪቲ/ሎክዳውን የሚለውን አንብቡ። በቅንፍ የተከበበው ኮንፊደንሻሊቲ ከሆነ ከርነሉ ትሬስ ማድረግን ራሱ ዘግቶታል፤ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሥሩ።

የምትፈልጉት ፈንክሽን ዛፉ ውስጥ ከሌለ ወይ ጥልቀቱ አንሷል ወይ ጠሪው ውስጥ ሟሟቷል። ጥልቀቱን ጨምራችሁም ካልመጣ የጠሪውን ዋጋ ያዙና ቀሪውን ከሶርሱ አንብቡ።